ቡችላ በመጠለያ አይደግ፤ በአደራ የሚያቆየው ቤት ይፈለግለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተጣሉ ውሾችና ድመቶች የሚሰበሰቡባቸው የአዲስ አበባ መጠለያዎች ሲጨናነቁ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ ግቢ ማስፋትና ተጨማሪ የውሻ ቤት መሥራት ነው። በእንስሳት ሕክምና የተሠማራን ሰዎች ግን ሌላ ነገር እንዲቀድም እንፈልጋለን። ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ ጡት ያልተዉ፣ ክትባታቸውን ያልጨረሱ እንስሳት ከመጀመሪያውም መጠለያ መግባት የለባቸውም። ለዘለቄታው የሚወስዳቸው ሰው እስኪገኝ ለጥቂት ሳምንታት በአደራ የሚያቆያቸው ቤተሰብ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የምንጽፈው አደራውን ለመቀበል ለሚያስቡ አንባቢዎችና አደራውን ለሚሰጡ መጠለያዎች ነው።

ምክንያታችን ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ቡችላ ከእናቱ እንገር የሚያገኘው የበሽታ መከላከያ ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንዱ ቡችላ ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ሌላው እስከ 16ኛው ሳምንት ይቆይለታል። በመሃል ክፉ ጊዜ አለ፤ የቀረው መከላከያ ክትባቱ እንዳይሠራ ለማገድ ይበቃል፣ በሽታውን ለመመከት ግን አይበቃም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚደጋገመው ስለዚህ ነው። አንዴ የተከተበ ቡችላ ተከተበ ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜው ከብዙ ውሾች ጋር ሲውል ፓርቮ የሚባለው፣ በትውከትና በተቅማጥ ቡችላ የሚገድል በሽታ ያገኘዋል። የፓርቮ ቫይረስ በሰገራ ይወጣል፣ በጫማ ሥር፣ በባልዲና በመጥረጊያ ይዞራል፣ አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። መጠለያው የቱንም ያህል ቢጸዳ አዲስ ውሻ በየጊዜው የሚገባበት ግቢ ነው።

ሌላው ምክንያት ጠባይ ነው። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃንን፣ ድምፅንና ቤትን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የድመት ግልገል ጊዜዋ ከዚያም ያጥራል፤ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት። ይህ ጊዜ በአጥር ውስጥ ካለፈ እንስሳው ሰው ሲቀርበው የሚሸሽ ወይም ፈርቶ የሚናከስ ሆኖ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ወሳጅ አያገኝም። ለዓመታት መጠለያ ውስጥ የሚቀሩት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉት ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ይጣራ። ቡችላው በእርግጥ እናት የለውም ወይ? ቱቦ ሥር ወይም በጅምር ሕንፃ ውስጥ የወለደች ውሻ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ሳለ ልጆቿ ብቻቸውን ይገኛሉ። ደግ ሰው አይቶ በካርቶን ሰብስቦ መጠለያ በር ላይ ያደርሳቸዋል። እናትየዋ ተመልሳ ባዶ ቦታ ታገኛለች፣ ቡችላዎቹም የማይተካውን ወተት ያጣሉ። ድመትም እንዲሁ ናት። ስለዚህ ራቅ ብሎ ለጥቂት ሰዓታት መጠበቅ ይገባል። እናት ከመጣች ቡችላዎቹ ባሉበት ይቆዩ፣ ምግብና ውሃ ለእናትየዋ ይቅረብላት። ቦታው ጎርፍ የሚገባበት ወይም መኪና የሚመላለስበት ከሆነ ግን እናትና ልጆች አንድ ላይ ይነሱ። የምታጠባ ውሻ ልጆቿን ለመከላከል ስለምትናከስ ይህን ልምድ ያለው ሰው ያድርገው። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው አደራም እናት ከነልጆቿ ናት፤ ማሞቁን፣ ማጥባቱንና ማጽዳቱን እሷ ትሠራዋለች። የቤቱ ሰው ድርሻ ጸጥ ያለ ክፍል ሰጥቶ እናትየዋን ማጥገብ ነው። ልጆቿ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሞላቸው ከወትሮዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች፤ ያኔ ምግብ የተቀነሰባት እናት ወተቷ ይነጥፋል።

አደራው በወረቀት ይሁን። እንስሳው የመጠለያው ሆኖ እንደሚቆይ፣ ምግቡንና ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ ሌሊት ሲታመም ለማን እንደሚደወል፣ ቤተሰቡ ማቆየት ቢያቅተው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ይጻፍበት። አደራ ተቀባዩ መጠለያው ሳያውቅ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ እንዳይሰጥም ቃል ይግባ። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አከራዩን አስቀድሞ ያስፈቅድ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ቡችላው በሳምንቱ የሚመለስበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ውሻ ከመኖሪያ ቤት እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ በሃይማኖትም በልማድም ብዙ ነው፤ ይህ ግን አደራ ለመቀበል አይከለክልም። ሰርቪስ ቤት ወይም የማይሠራበት መታጠቢያ ቤት ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ሆኖ የሚታጠብ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ነፋስ የማያስገባ ይሁን። በቤቱ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ካለ አዲሱ እንስሳ ቢያንስ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ። የፓርቮ ምልክት ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ በገባ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታያል፣ አንዳንዴ ግን ሁለት ሳምንት ይደርሳል። ለክፍሉ የሚሆን ጫማ፣ መወልወያና ሳህን ለብቻው ይቀመጥ፤ ጤነኞቹ ቀድመው ይመገቡ፣ አዲሱ በመጨረሻ።

ለማጽዳት በረኪና በቂ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የቡና ሲኒ ግማሽ ገደማ ይጨመር። አብዛኛው ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። ሰገራና ቆሻሻ ባለበት ወለል ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ቀጥሎ በረኪናው ፈስሶ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ ይለቅለቅ፣ ደርቆ እንስሳው ይመለስ። የተበጠበጠው በማግስቱ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አልኮልና ተራ ሳሙና ፓርቮን አይገድሉም።

አሁን እናት ወደሌላቸው ሕፃናት እንምጣ፤ ብዙ ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱን ራሱ አይጠብቅም፤ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም። የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ በክረምትም ዝናብ፣ ይህ ሙቀት በራሱ አይገኝም። የሳሙና ካርቶን ይዘጋጅ፣ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍበት። ክሩ የሚመዘዝ ጨርቅና ጆንያ አይሆንም፤ እግር ላይ ተጠምጥሞ ያሳብጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ክዳኑ ይጥበቅ፣ በፎጣ ይጠቅለልና በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ ይቀመጥ። ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ይበል፤ ቡችላው ሲሞቀው የሚሸሽበት ካላገኘ ይቃጠላል። ውሃው በየሦስት ሰዓቱ ይቀየር። መብራት ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ መተማመን አይገባም። ከሰል ግን ወደዚያ ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ የከሰል ጭስ ቡችላውንም የሚያስታምመውንም ሰው ሳይታወቃቸው ይገድላል።

ቀዝቃዛ ቡችላ ወተት አይሰጠው። ይህን ደጋግመን ብንጽፈው አይበዛም። የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አንጀቱ መሥራት ያቆማል፣ የተጠጣው ወተት አይፈጭም፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሊያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ደንግጦ ወተት የሚጋተው ሰው በደግነቱ ይገድለዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ ቴርሞሜትር ጫፉ በቫዝሊን ተቀብቶ በቂጡ በኩል ትንሽ ገባ ተደርጎ ይለካ። የመጀመሪያው ሳምንት ጤነኛ ልክ ከ35 እስከ 37፣ ከአንድ ወር በኋላ ከ38 እስከ 39 ነው። የቀዘቀዘውን ከሰው ደረት ጋር በልብስ ውስጥ ወሽቆ ቀስ በቀስ፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ጊዜ ማሞቅ ይገባል። በሙቅ ውሃ ነክሮ በፍጥነት ማሞቅ ልቡን ያስጨንቀዋል። በዚህ ጊዜ ድድ ላይ የሚቀባ ጥቂት የስኳር ውሃ ይበቃዋል፤ ወተቱ የሚመጣው አፉ ውስጥ ጣት ሲገባ ሙቀት ሲሰማና ቡችላው ሲጠባ ነው።

የላም ወተት ብቻውን ለቡችላም ሆነ ለድመት ግልገል አይሆንም። ከውሻ ወተት ጋር ሲነጻጸር ፕሮቲኑና ስቡ ያንሳል፣ ስኳሩ ይበዛል፤ ውጤቱ ተቅማጥና መክሳት ነው። ለቡችላ የሚዘጋጀው የዱቄት ወተት ሲገኝ እሱ ይቅደም። ሳይገኝ ለአንድ ሁለት ቀን የሚያሻግረው ይህ ነው፤ 120 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ያልተቀነሰ የላም ወይም የፍየል ወተት፣ 120 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሁለት የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። የእንቁላሉ ነጭ አይግባ። በደንብ ተመትቶ ይጠለል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ያደረው ይደፋ። ሲሰጥ የሚፈለገው ብቻ ተቀንሶ እስከ 38 ዲግሪ ይሙቅ።

በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በየ100 ግራም ክብደት 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የ300 ግራም ቡችላ 12 ሚሊ ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እስከ 3 ሰዓት፣ በሁለተኛው በየ3 እስከ 4፣ በሦስተኛው በየ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ሌሊት የሚነሳ ሰው የሌለበት ቤት ይህን ዕድሜ አይቀበል፤ ጡት የተዉትን ይውሰድ። ጡጦ ከሌለ መርፌው የተነሳለት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሠራል፣ ግን በጠብታ። ቡችላው እናቱን ሲጠባ እንደሚተኛው በሆዱ ይተኛ፣ አንገቱ ትንሽ ቀና ይበል። እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ወተቱን ወደ ሳንባ ይሰደዋል። በአፍንጫው ወተት ከወጣ ተፋጥኗል፤ ወዲያው ይቁም። ከዚያ በኋላ ማሳል ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ የሳንባ ምች ነውና ሐኪም ጋ ይሂድ።

እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜው ቡችላ ራሱ አይሸናም፤ እናቱ በምላሷ ትቀሰቅሰዋለች። በእናት ፈንታ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ ከሆዱ በታች በስሱ ይታበስ። ይህን የማያውቅ ሰው ቡችላው ለምን ሆዱ ተነፍቶ እንደሚያለቅስ ግራ ይገባዋል። በየጠዋቱ ከምግብ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘንና በደብተር ይጻፍ። የድመት ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት፤ ቡችላ በየቀኑ ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ይጨምራል። አንድ ቀን ሙሉ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ቢጫወት እንኳ አልዳነም፤ የዚያኑ ዕለት ይደወል። በዚህ ዕድሜ ነገ የሚባል ቀጠሮ አይሠራም።

በአራተኛው ሳምንት ገደማ ለስላሳ ምግብ ይጀመራል። የበሰለ ሩዝ፣ የተቀቀለ የተፈጨ ሥጋ ወይም ዶሮ፣ እንቁላል፣ በውሃው ላልቶ እንደ ገንፎ ይቅረብ። የቤት ትርፍራፊ ወጥ አይሰጥ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ድመት ላይ ይብሳል። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ በቤታችን እምብዛም የለም። ዘቢብና ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ሥጋ ብቻ እየበላ የሚያድግ ቡችላም እግሩ ይጣመማል፤ ሥጋ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቀርባል። ለ1 ኪሎ ሥጋ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ልሞ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበት።

ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መስጠት በከተማችን የተለመደ ነው፤ መቅረት አለበት። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውስጥ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ እጁን ያልታጠበ ሰው ሲውጠው ከረጢቱ በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። መፍትሔው በደንብ መቀቀል ነው።

ዐቢይ ጾም ለብቻው መታሰብ አለበት። በ55ቱ ቀናት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የቤቱም ትራፊ ሽሮና ምስር ይሆናል። ውሻ እህልና ጥራጥሬ ከእንቁላል ጋር በልቶ ጊዜውን ይወጣል። ድመት ግን አትችልም፤ ቶሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእንስሳ ምግብ ካላገኘች ቀስ በቀስ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ደረቅ የድመት ምግብ ወይም ማቀዝቀዣ የሚገባ ዓሣና የዶሮ ሆድ ዕቃ ይገዛ፤ ይህን ማድረግ የማይቻልበት ቤት በዚያ ወቅት ድመት ባይቀበል ይመረጣል።

ስለ መድኃኒት ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። አብዛኛው ቡችላ ወስፋት ይዞ ይወለዳል፤ ከእናቱ ማህፀን ሳለ ይተላለፍበታል። ፓይራንቴል የሚባለው መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት፣ በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ፓስታ የሚመስል ትል ቢወጣ አያስደነግጥ። የወስፋቱ ዕንቁላል ሰው ላይ፣ በተለይ አፈር በሚነኩ ልጆች ላይ፣ ጉዳት ያደርሳል፤ ግን ትኩስ ሰገራ ውስጥ እንዳለ አይዝም፣ አፈር ላይ ሳምንታት መቆየት ይፈልጋል። ሰገራው በየቀኑ ተነስቶ ሽንት ቤት ከገባ አደጋው አብዛኛው ቀረ ማለት ነው።

ለእከክና ለቁንጫ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ለከብት ወደሚሸጠው አይቨርሜክቲን ነው። የተለመደው መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ልኩም ለ50 ኪሎ እንስሳ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ሒሳብ ለ2 ኪሎ ቡችላ የሚደርሰው 0.04 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው። «ትንሽ ነው» ተብሎ 1 ሚሊ ሊትር የተወጋ ቡችላ 25 እጥፍ ወሰደ፤ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ራሱን ይስታል፣ ማርከሻም የለውም። ከ6 ሳምንት በታች ደግሞ በጭራሽ አይሰጥ። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖንም ለቡችላና ለድመት ማጠቢያ አይሆንም፤ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ቁንጫ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል፤ አንዲት የፓራሲታሞል ፍሬም ድመትን ትገድላለች። ቁንጫ የበዛበት ሕፃን በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ፣ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ይበጠር። ድዱ የነጣ ከሆነ ቁንጫው ደሙን ጨርሶታል፤ ሐኪም ይየው።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ቡችላ አይዘውም ይባላል። ይይዘዋል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ ከመንገድ የተነሳ ጤነኛ መሳይ ቡችላ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል። ክትባቱ በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። እስከዚያው ድረስ አደራው ባለበት ቤት ትንንሽ ልጆች ያለ አዋቂ ከቡችላው ጋር አይተዉ፤ በየጊዜው እንስሳ የሚቀበል ሰው ራሱ አስቀድሞ እንዲከተብ ሐኪም ያማክር። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው እንስሳ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። አጥንቱን ላውጣ ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ትልቁ አደጋ ነው። የተነከሰ ወይም ቁስሉ ላይ ምራቅ የነካው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብና የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክት ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም፤ ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ነፍስ ያስከፍላል። የነከሰው እንስሳ አይገደል፤ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ። በዚህ መካከል ከሞተ ሳይቀበር ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ ጉለሌ፣ በተለምዶ ፓስተር በሚባለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አንጎሉ ይመረመራል።

ጤናው ከተስተካከለ የአደራ ተቀባዩ ዋና ሥራ ማለማመድ ነው። ቡችላው በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር በእርጋታ ይይ፤ መጥረጊያ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ሕፃን፣ የመኪና ድምፅ፣ ዝናብ የሚመታው ቆርቆሮ። ከፈራ ይራቅለት፣ ምግብ ይሰጠው፣ በማግስቱ ይደገም። ጣት ሲናከስ ጨዋታው ይቁምና የሚነክሰው ጨርቅ ይሰጠው። እየመቱና እያስፈራሩ ማሳደግ ጎበዝ ዘበኛ ያወጣል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ውሻ አበላሽቷል፤ የፈራ ውሻ ሌባን ሳይሆን እንግዳንና ልጅን ነው የሚነክሰው። ትልቅ ውሻ በአደራ የወሰደ ቤት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩን ይጠንቀቅ፤ አብዛኛው መጥፋት የሚደርሰው መኪና ሲገባ የግቢ በር ሲከፈት ነው። በር ከመከፈቱ በፊት ውሻው ይታሰር ወይም ክፍል ይግባ። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ርችት በሚተኮስበት ምሽት ሁሉም ቤት ውስጥ ይቆዩ።

ድመታችን ፅንሱን የሚጎዳ በሽታ ታስይዘናለች ብለው ለሚሰጉ እርጉዝ ሴቶች አጭር ምላሽ እንስጥ። ድመቷን መጣል አያስፈልግም። የምትጸዳዳበት ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በየቀኑ በሌላ ሰው ይጸዳ፤ በሽታውን የሚያመጣው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በሰገራዋ የሚያወጣው ዕንቁላል ሰው ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ አትክልትም የዚሁ በሽታ መንገዶች ናቸው፤ ከክትፎው መታቀብም አብሮ ይምጣ።

ወደ ዘለቄታው ቤት የሚሄድ ቡችላ ከ8 ሳምንት አይነስ፣ ቢያንስ አንድ ዙር ክትባት ይውሰድ። ወሳጁን ስለ ውሻ ፍቅሩ መጠየቅ ብዙ አያስረዳም። አጥሩ ምን ዓይነት ነው? ቀን ቤት ማን ይውላል? ውሻው ይታሰራል ወይ፣ ስንት ሰዓት? ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄዱ ማን ያበላዋል? የቀድሞው ውሻችሁ ምን ሆነ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ይናገራል። የሴት ቡችላ ነገር ደግሞ ያሳስበናል፤ ፈላጊዋ ጥቂት ነው፣ በካርቶን የሚጣሉትም ይበልጡን እነሱ ናቸው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ሲሆን ብዙዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሴቷ ከመሄዷ በፊት ትምከን፤ ሐኪምና ዕቃ ካለ ከ8 ሳምንት በኋላ ይቻላል። ካልተቻለ ለስድስተኛ ወሯ ቀን ተቆርጦ በውሉ ላይ ይጻፍ፣ ወጪውም መጠለያው ዘንድ ይያዝ። ለወሳጁ የተተወ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ አይፈጸምም።

አብራ የቆየችውን እንስሳ ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ አደራ ተቀባይ ቅድሚያ ይሰጠው፣ ግን ውሳኔውን ሌላ ወሳጅ ከመጠራቱ በፊት ይናገር። ፓርቮ የገባበት ክፍል በረኪና ቢያገኝም ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ለወራት አይግባበት፤ ያ ቤት እስከዚያ የተከተቡ ትልልቅ ውሾችን ወይም ድመቶችን ይቀበል። መጠለያዎችም የአደራ ቤቶቻቸውን ዝርዝር በዕድሜ ከፍለው ይያዙ፤ ሌሊት የሚነሳው፣ ጡት የተወ ብቻ የሚቀበለው፣ ድመት እንጂ ውሻ የማይቀበለው ተለይቶ ይታወቅ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ወር ብቻ የሚችል ቤትም በዝርዝሩ ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፤
በመጠለያዎች የምናገለግል የእንስሳት ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኞች
አዲስ አበባ